ትርፍ ድርሻ በብር ወይስ በአክሲዮን? ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት

የባንኮች ጠቅላላ ጉባኤ በሚበዛበት በኅዳርና በታኅሣሥ ግድም፣ ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ባሉ ቅርንጫፎች ባለአክሲዮኖች አንዲት ቅጽ እንዲሞሉ ይጠየቃሉ። አጻጻፉ ከባንክ ባንክ ይለያይ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ የዓመቱ ትርፍ ድርሻችሁ ሂሳባችሁ ውስጥ ይግባ ወይስ ተጨማሪ አክሲዮን ይሁንላችሁ? ብዙ ሰው ጎረቤቱ ምን እንዳደረገ ጠይቆ እሱኑ ይደግማል። አንዳንዱ ቅጹን ጭራሽ አይመልስም። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም፤ ያቺ አንዲት ምልክት የዘንድሮውን ብር ብቻ ሳይሆን በኩባንያው ውስጥ ያላችሁን ድርሻ ስፋት ትወስናለች።

ትርፉ እስኪከፋፈል ድረስ

የአብዛኞቹ ኩባንያዎቻችን የሂሳብ ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ የውጭ ኦዲተር ሂሳቡን ይመረምራል፤ የዳይሬክተሮች ቦርድ የክፍፍል ሐሳብ ያቀርባል፤ ጠቅላላ ጉባኤው ያጸድቃል። እስኪጸድቅ ድረስ ትርፉ የኩባንያው ነው፤ ባለአክሲዮኑ "ድርሻዬን ስጡኝ" የሚልበት መብት ገና የለውም። ጉባኤው በጥሬ ገንዘብ ይከፈል ብሎ ካጸደቀ ግን ኩባንያው ባለዕዳ ይሆናል። ሕጉ የሚፈቅደውም በጸደቀ የሂሳብ መግለጫ ላይ ከታየ የተጣራ ትርፍ እንዲከፈል ነው። በመጋዘን ያለ ዕቃ ተወደደ ተብሎ ወይም ብድር ተገኘ ተብሎ ትርፍ ድርሻ አይታደልም።

"ባንኩ ይህን ያህል አተረፈ" የሚለው ዜናም ሁሉም ይከፋፈላል ማለት አይደለም። ባንክ ከግብር በኋላ ካገኘው ዓመታዊ ትርፍ 25 በመቶውን በሕጋዊ መጠባበቂያ ማስቀመጥ አለበት፤ ይህም መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ይቀጥላል። ለኢንሹራንስ ኩባንያ መጠኑ 10 በመቶ ነው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። 3 ቢሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ያለው አንድ ባንክ አለ እንበል። የአንዱ አክሲዮን የጽሑፍ ዋጋ፣ ማለትም ሰርተፊኬቱ ላይ የሰፈረው ፓር ቫልዩ፣ 1,000 ብር ነው፤ ስለዚህ 3 ሚሊዮን አክሲዮን አለ። ከግብር በኋላ 800 ሚሊዮን ብር አተረፈ። 200 ሚሊዮኑ መጠባበቂያ ይገባል፤ 600 ሚሊዮኑ ለክፍፍል ይቀራል። ስሌቱ እንዲቀል ሌሎች ተቀናሾችን ትተናቸዋል። ለአንድ አክሲዮን 200 ብር፣ ማለትም 20 በመቶ ይደርሳል።

ደሴ ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ ከዚህ ባንክ 50 አክሲዮን አላት ብለን እንቀጥል። ድርሻዋ 10,000 ብር ነው። በጥሬ ገንዘብ ከወሰደች ባንኩ የትርፍ ድርሻ ግብር ቀንሶ ይሰጣታል። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የተደነገገው 10 በመቶ ስለሆነ እዚህ በዚያው ሠርተናል፤ 9,000 ብር እጇ ይገባል። የገቢ ግብር ሕጉ በ2017 ስለተሻሻለ፣ ከራሳችሁ ድርሻ ላይ ስንት እንደተቀነሰ የክፍያ ማስረጃው ላይ ተመልከቱ። ግብሩን ቀንሶ የሚያስገባው ከፋዩ ኩባንያ ነው፤ የመጨረሻ ግብር ስለሆነም ነጋዴዋ በሱቋ ገቢ ላይ ደምራ እንደገና አታስታውቀውም።

በአክሲዮን ከወሰደች 10 አዲስ አክሲዮን ይመዘገብላትና 60 ይሆንላታል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አክሲዮኗ ከ50 ወደ 60 ሲያድግ ሀብቷ በ20 በመቶ ያደገ ይመስላል፤ አላደገም። ሁሉም ባለአክሲዮን እንደሷ ካደረገ ባንኩ ውስጥ የገባ አዲስ ብር የለም፣ የወጣም የለም። የተለወጠው ስሙ ነው፤ ትናንት "ያልተከፋፈለ ትርፍ" ይባል የነበረው ዛሬ "ካፒታል" ተባለ። በፊት ከ3 ሚሊዮን አክሲዮን 50 ነበራት፤ አሁን ከ3.6 ሚሊዮን 60 አላት። አካፍላችሁ እዩት፣ ድርሻዋ ያው ነው።

የአክሲዮን ዋጋ በገበያ በሚታይበት ቦታ ይህ ወዲያው ይገለጣል። የአንድ አክሲዮን የገበያ ዋጋ 1,800 ብር ከሆነና በየአምስቱ አንድ አዲስ ቢታደል፣ ሌላ ነገር ካልተለወጠ ዋጋው ወደ 1,500 መውረድ አለበት፤ አምስት በ1,800 እና ስድስት በ1,500 ሁለቱም 9,000 ናቸው። 200 ብር በጥሬ ገንዘብ ቢከፈል ደግሞ ዋጋው ወደ 1,600 ይወርዳል፤ አምስቱ አክሲዮን 8,000፣ እጅ የገባው 1,000፣ ድምሩ ያው 9,000። "ክፍፍል ከተደረገ በኋላ ዋጋው ወደቀ" ብሎ የሚደነግጥ ሰው ይህን ሒሳብ ቢሠራው ይረጋጋል። በጥር 2017 በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ፣ ወጋገን ባንክ ቀዳሚ ሆኖ በተመዘገበበት፣ ይህን ማወቅ ከእንግዲህ ለሁሉም ባለአክሲዮን ያስፈልጋል።

ሌላው ሲወስድ እናንተ ብትተዉትስ?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጉባኤው "ትርፉ በሙሉ ለሁሉም በየድርሻው ካፒታል ይሁን" ብሎ ከወሰነ ምርጫ የለም፣ የሚጎዳም የለም። ምርጫው ለእያንዳንዱ ሲሰጥ ግን ነገሩ ይለያል።

የባንኩ መጠባበቂያና ሌላ የተጠራቀመ ሀብት 1.2 ቢሊዮን ብር ነው እንበል። 3 ቢሊዮን ካፒታል፣ 1.2 ቢሊዮን መጠባበቂያ፣ 600 ሚሊዮን ለክፍፍል የቀረበ ትርፍ፤ ጠቅላላ የባለአክሲዮኖች ሀብት 4.8 ቢሊዮን ነው። ይህ ለ3 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል አንዱ በመዝገብ 1,600 ብር ያወጣል፤ የነጋዴዋ 50 አክሲዮን 80,000 ብር ነው ማለት ነው።

እንደ ሌሎቹ ሁሉ አዲስ አክሲዮን ከወሰደች 60 አክሲዮን ይኖራታል፤ አንዱ 1,333 ብር ገደማ፣ ድምሩ 80,000። ምንም አላገኘችም፣ ምንም አላጣችም። ሌሎች ሁሉ አክሲዮን ወስደው እሷ ብቻዋን ብሩን ብትወስድስ? 50 አክሲዮኗ በ1,333 ሒሳብ 66,667 ይሆናል፤ ከግብር በፊት የወሰደችው 10,000 ሲደመር 76,667። ወደ 3,333 ብር ጠፍቷል። ወዴት ሄደ? አዲሱን አክሲዮን ወደወሰዱት ሄደ። እነሱ በመዝገብ ከ1,300 ብር በላይ የሚያወጣ ነገር በ1,000 ብር ገዝተዋል፤ ልዩነቱ ካልገዙት ነባሮች ኪስ ነው የወጣው። የንግድ ሕጉ ለነባር ባለአክሲዮን አዲስ አክሲዮን በያዘው መጠን የመግዛት ቅድሚያ የሰጠው እንዲህ ያለው እንዳይደርስበት ነው። ቅጹን ሳትመልሱ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ የምትተዉት ይህን መብት ነው።

ስሌቱ ግን ይገለበጣል። የባንኩ ብድር ተበላሽቶ፣ ኪሳራው ገና በመግለጫው ላይ ሳይወጣ፣ የአክሲዮኑ እውነተኛ ዋጋ 800 ብር ቢሆን፣ በ1,000 ብር መግዛት ኪሳራ ነው። ያኔ ጥሬ ገንዘቡን የወሰደ ነው የተጠቀመው። ስለዚህ "ሁሌ አክሲዮን አድርጉት" የሚለው ምክር ትክክል አይደለም፤ "ሁሌ ብሩን ያዙ" የሚለውም እንዲሁ። መጀመሪያ ከኦዲት ሪፖርቱ ላይ የባለአክሲዮኖችን ጠቅላላ ሀብት ለአክሲዮኖች ብዛት አካፍሉና ከጽሑፍ ዋጋው ጋር አስተያዩት። ቀጥሎ የኦዲተሩን አስተያየትና የተበላሸ ብድርን ማብራሪያ አንብቡ። ይህን የሚያህል ነገር ለመወሰን ሁለት ሰዓት ብዙ አይደለም።

በመጪው ዓመትስ? አሁን 3.6 ሚሊዮን አክሲዮን አለ። ባንኩ 840 ሚሊዮን አተረፈ እንበል፤ ካምናው 40 ሚሊዮን ይበልጣል። 25 በመቶው ሲነሳ 630 ሚሊዮን ይቀራል፤ ለአንድ አክሲዮን 175 ብር። ትርፉ አድጎ የአንዱ ድርሻ ከ200 ወደ 175 ወረደ! ጉባኤ ላይ ጩኸት የሚያስነሳው ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የተሰረቀ ነገር የለም። ካፒታል በ20 በመቶ ካደገ ትርፉም በ20 በመቶ፣ ማለትም ወደ 960 ሚሊዮን፣ ካላደገ የአንዱ አክሲዮን ድርሻ መውረዱ የማይቀር ነው። አስተዳደሩ መጠየቅ ያለበትም በዚህ ነው፦ አዲሱን ካፒታል ምን ሠራችሁበት?

ለነጋዴዋ ስናመጣው፣ 60 አክሲዮኗ 10,500 ብር ያስገኛል፤ 50 ላይ ብትቀር ኖሮ 8,750። ልዩነቱ 1,750፣ ግብር ሲነሳለት 1,575 ብር ነው። ይህን ያገኘችው 9,000 ብር እጇ እንዳይገባ በመተዋ ስለሆነ ገንዘቡ 17.5 በመቶ ሠራ ማለት ነው፤ አዲሶቹ አክሲዮኖች ሙሉ ዓመት ከታሰቡላት። እሷ ይህን ከሱቋ ጋር ታወዳድረው። 9,000 ብር ዕቃ ገዝታ በዓመት ውስጥ ደጋግማ የምታገላብጥ ከሆነ ሱቋ ሊበልጥ ይችላል። ገንዘቡ ዝቅተኛ ወለድ በሚከፈልበት የቁጠባ ደብተር የሚተኛ ከሆነ አክሲዮኑ ይሻላል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የቤት ኪራይ ከፊቷ ካለ ደግሞ ብሩን ትውሰድ፤ በገበያው ያልተመዘገበ አክሲዮን በተቸገሩ ቀን ገዢው ቶሎ አይገኝም። ያላት ጥሪት ሁሉ አንድ ባንክ ውስጥ ከሆነም ጥቂቱን ማውጣት ብልህነት ነው።

ኩባንያው ለምን አክሲዮኑን ይመርጣል?

ለባንኮች መልሱ አጭር ነው። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር አድርጎ ነባር ባንኮች እስከ 2018 ዓ.ም. ሰኔ ድረስ እንዲያሟሉ መመሪያ አውጥቷል። ከአዲስ ገዢ ብር ከመለመን ይልቅ የነባሩን ትርፍ ካፒታል ማድረግ ፈጣኑ መንገድ ሆነ። ከወለድ ነፃ በሆኑት እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ባሉ ባንኮችም የትርፍ ድርሻ አካሄዱ ይኸው ነው፤ ትርፍ ድርሻ አስቀድሞ የተቆረጠ ወለድ ሳይሆን በተገኘው ልክ ከፍ ዝቅ የሚል ነው።

ፋብሪካ ላይ ምክንያቱ ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አክሲዮን ማኅበር የሆነ የዱቄት ፋብሪካ እናስብ። በዓመቱ መጨረሻ 40 ሚሊዮን ብር አትርፏል። ብሩ ግን የት ነው? 25 ሚሊዮኑ በመጋዘን ያለ ስንዴ ሆኗል፤ 12 ሚሊዮኑ በዱቤ ዱቄት የወሰዱ ነጋዴዎች ዘንድ ነው፤ ባንክ ያለው 3 ሚሊዮን ብቻ። ትርፍ አለ፣ ጥሬ ገንዘብ የለም። ጉባኤው "20 ሚሊዮን ይከፋፈል" ካለ ፋብሪካው 17 ሚሊዮን መበደር አለበት፤ በ18 በመቶ ወለድ በዓመት ከ3 ሚሊዮን ብር በላይ ይከፍላል። ወይም ስንዴውን ያለ ጊዜው ይሸጥና ክረምት ላይ ወፍጮው ይቆማል። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ እየተመነዘረ ስለሆነ ከውጭ ለሚመጣ መለዋወጫ የሚያስፈልገው ብርም ጨምሯል። እዚህ ላይ ትርፉን በአክሲዮን ማደል ፋብሪካውን ያድነዋል።

ግን ለዚህ ገደብ ይኑረው። አንድ ኩባንያ በየዓመቱ ትርፍ እያወጀ በየዓመቱ አክሲዮን ብቻ የሚያድል ከሆነ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ክፈቱ። ከሥራ የገባው ጥሬ ገንዘብ ከታወጀው ትርፍ ጋር ለዓመታት የማይቀራረብ ከሆነ፣ የዱቤው ገንዘብ የማይሰበሰብ ሊሆን ይችላል። ያኔ የታደላችሁ አክሲዮን በማይመለስ ዱቤ ላይ የቆመ ነው።

ግብሩም አስተዳደሩን ይገፋዋል። በአዋጅ 979/2008 አንቀጽ 61 መሠረት ያልተከፋፈለና መልሶ ሥራ ላይ ያልዋለ ትርፍ ግብር ይከፈልበታል። ትርፉን ካፒታል አድርጎ ማሳደግ ከዚህ ያወጣል፤ ግን በቃል ብቻ አይሆንም። ካፒታሉ እንዲያድግ በጉባኤ መወሰኑ፣ ቃለ ጉባኤው መረጋገጡና በንግድ መዝገብ መስፈሩ በወረቀት መታየት አለበት። በትንንሽ አክሲዮን ማኅበራት የሚደርሰው ችግር የታወቀ ነው፦ ጉባኤው ይወስናል፣ አክሲዮኑ ለአባላት በቃል ይነገራል፣ ምዝገባውን ግን የሚከታተል አይኖርም። ከዚያ የግብር ኦዲት ሲመጣ ትርፉ "ያልተከፋፈለ" ሆኖ ይገኝና ግብሩ ከነቅጣቱ ይጠየቃል። የኮምቦልቻም የደሴም ማኅበራት ሒሳብ ሠራተኞች ከጉባኤው ማግስት መያዝ ያለባቸው ሥራ ይህ ነው።

አክሲዮን መሸንሸንን ከዚህ ጋር አታቀላቅሉ። ባለ 1,000 ብሩ አክሲዮን አሥር ባለ 100 ብር ሲሆን ትርፍም ካፒታልም አይነካም፤ ለሽያጭ እንዲመች ተመነዘረ ማለት ብቻ ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚታዩ ስህተቶች

"20 በመቶ ታወጀ ተብሎ ለኔ 10 በመቶ ነው የደረሰኝ" የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ መልስ አለው። ድርሻው የሚሰላው በተከፈለው ገንዘብና በተከፈለበት ጊዜ ነው። ጥር 1 ቀን 50,000 ብር የከፈለ ሰው ገንዘቡ እስከ ሰኔ 30 የሠራው ስድስት ወር ስለሆነ ከ10,000 ብር 5,000 ይደርሰዋል። 100 አክሲዮን ፈርሞ ሩቡን ብቻ የከፈለም ድርሻው የሚታሰብለት በከፈለው ሩብ ነው። ስለዚህ ክፍያው ላይ ሦስት ነገር አንብቡ፦ የተከፈለ ካፒታላችሁ፣ የታሰበላችሁ ቀን ወይም ወር፣ የተቀነሰ ግብር። በአክሲዮን የወሰዳችሁ ደግሞ አዲሱ አክሲዮን ከየትኛው ቀን ጀምሮ ለትርፍ እንደሚታሰብ ጠይቁ።

ፍርፋሪም አለ። 37 አክሲዮን ያለው ሰው ድርሻው 7,400 ብር ነው፤ ሰባት አክሲዮን ወጥቶለት 400 ብር ይተርፋል። አንዳንዱ ኩባንያ ይህን በብር ይከፍላል፣ አንዳንዱ ለከርሞ ይይዛል፣ አንዳንዱ 600 ብር ጨምራችሁ ስምንተኛውን እንድትገዙ ይፈቅዳል። ካልጠየቃችሁ ማንም ላይነግራችሁ ይችላል።

ጉባኤው የሚካሄደው በብዛት 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ስለሆነ ብዙ የደሴ ባለአክሲዮን ውክልና ይሰጣል። ውክልናው ለድምፅ ብቻ ነው ወይስ ትርፍ ድርሻ ተቀብሎ ለመወሰንም ጭምር? ሁለቱ ይለያያሉ፤ በጽሑፉ ላይ ተለይተው ይቀመጡ። አክሲዮን የምትሸጡ ከሆነም ያልተከፈለው የዓመቱ ድርሻ የሻጭ ይሁን የገዢ በውሉ ላይ ካልተጻፈ፣ ጉባኤው ካጸደቀ በኋላ ጠብ ይነሳል።

ትርፍ ድርሻ የተረጋገጠ ነው፣ በየዓመቱ ይህን ያህል በመቶ ይከፈላል ብሎ አክሲዮን የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትግዙ። ለሕዝብ የሚቀርብ አክሲዮን በአዋጅ 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ስለሆነ በባለሥልጣኑ የጸደቀውን የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ፕሮስፔክተስ)፣ ማለትም ስለ ኩባንያውና ስለሚሸጠው አክሲዮን ለገዢ የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ አሳዩኝ በሉ።

ባለአክሲዮን ከሞተ ወራሾቹ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አቅርበው አክሲዮኑን በስማቸው እስኪያዛውሩ ትርፍ ድርሻው ይቆያል። በ2014ቱ ጦርነት ሰነዳቸው የጠፋባቸው ሰዎችም አሉ። ሰርተፊኬት ጠፋ ማለት አክሲዮን ጠፋ ማለት አይደለም፤ የሚጸናው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ነው። መታወቂያ፣ ከፖሊስ የተሰጠ የመጥፋት ማስረጃና ማመልከቻ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ባለው ቅርንጫፍ በኩል ለዋናው መሥሪያ ቤት አክሲዮን ክፍል ጠይቁ። ምትክ ሰርተፊኬቱን ስትጠይቁ ባለፉት ዓመታት ታውጆ ሳትወስዱት የቀረ ትርፍ ድርሻ ካለ በዓመት በዓመቱ ተዘርዝሮ እንዲሰጣችሁ በዚያው ማመልከቻ ላይ ጻፉ።